ምክር በስንት ብር ይሸጣል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች የተነጋገሩ ይመስል ሁሉም አንድ ጉዳይ ላይ ወድቀዋል። ገበሬ ለግብርና ምክር ከኪሱ ይክፈል ወይስ አይክፈል? ሁሉም የተጻፉት ከጎጃም ነው። አንዳንዶቹን አሳጥረናቸዋል፤ ቁጣቸውን ግን አልነካንም።

ጥያቄ፦ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ ሥራ አጥቼ ቡሬ ዙሪያ ቤተሰብ ጋር ተቀምጫለሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን የግል የግብርና ምክር ልንጀምር አስበናል። ገበሬው ለአንድ ክረምት ይከፍለናል፣ እኛ ደግሞ በርበሬና በቆሎ ማሳው ድረስ እየሄድን እናያለታለን። ለአባቴ ስነግረው ሳቀብኝ። «ግብርና በነፃ የሚነግረንን ማን በገንዘብ ይገዛችኋል?» አለ። እውነት ገበሬ አይከፍልም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአባትህን ሳቅ አትናቀው። ግማሹ እውነት ነው። በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ሦስት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ይመደባሉ፣ ቢያንስ በወረቀት። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ 8028 ላይ የደወለ ሰው በአማርኛ ምክር ይሰማል፣ የስልክ ሂሳብ እንኳን አይቆጥርበትም። አዴት ያለው የምርምር ማዕከልም አዲስ ዝርያ ሊያሳይ ሲፈልግ ገበሬውን ይጋብዛል እንጂ አያስከፍለውም። ይሄ ሁሉ እያለ «ገንዘብ አውጣ» ማለት ከባድ ነው። ሌላም ችግር አለ። ምክር አጥር የለውም። ለአንዱ ስለ ዘር አዘራር ብትነግረው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ለአሥር ሰው ያወራዋል። ሰሚው አሥራ አንድ፣ ከፋዩ አንድ።

ግን አንተም አባትህን ጠይቀው። በሬው ሲታመም መጥቶ መርፌ ለወጋለት ሰው አልከፈለም? በርበሬው ጠውልጎ መድረቅ ሲጀምር ቡሬ ከተማ ወጥቶ፣ ቅጠሉን በፌስታል ይዞ፣ ለመድኃኒት ሻጩ አሳይቶ የገዛውስ? ያ የምክር ሂሳብ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ስለተደበቀ አልታየውም እንጂ ከፍሏል። ሻጩ «ይሄን በዚህ ልክ በጥብጠህ ርጭ» ሲለው በነፃ የነገረው ይመስላል፣ የነገረው ግን መደርደሪያው ላይ ያለውን ነው፣ የሌለውን መድኃኒት ስም ጠርቶ ደንበኛውን ወደ ጎረቤት ሱቅ የሚልክ ነጋዴ እስካሁን አልገጠመኝም። የሻጋታ በሽታን በትል መድኃኒት ሲረጭ ክረምቱን የጨረሰ ገበሬ ስንት አለ! ለዚያ የወጣው ብር አንተ ከምትጠይቀው የሚያንስ አይመስለኝም።

ስለዚህ ይከፍላል። ለሁሉም ነገር ግን አይደለም። በመስመር ዝራ፣ ቶሎ አርም፣ ኮምፖስት አዘጋጅ... ይሄን ሰምቶ ጠግቧል፣ እንዲያውም ስብሰባ ላይ ካንተ አሳምሮ ይናገረዋል። የሚከፍለው ለራሱ ማሳ፣ ለዚያ ሳምንት ችግር፣ ሲደወልለት ለሚመጣ ሰው ነው። በ2009 ዓ.ም. አሜሪካን መጤ ተምች በቆሎው ላይ ሲወርድ የነበረውን ሩጫ አስታውስ። ትሉ ትንሽ ሳለ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ከተረጨ ይሞታል፤ አድጎ በቆሎው እምብርት ውስጥ ከተሸጎጠ በኋላ ግን የሚረጨው ብር ነው። እንደዚያ ባለ ቀን ማሳው ዳር የሚቆም ባለሙያ ዋጋ አለው። ከሳምንት በኋላ ቢመጣ በነፃም አይፈለግም።

የሰብሉም ዓይነት ይለያል። ለቤት የሚበላ ጤፍ ላይ ብዙ አትጠብቅ። በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ማለትም ተሸጦ ብር የሚሆንና በአንድ ሳምንት በሽታ ድራሹ የሚጠፋ ነገር ላይ ግን ገበሬው ራሱ ይፈልግሃል። ሜጫ ወረዳ ኮጋ መስኖ ላይ 7,000 ሄክታር ገደማ መሬት ውኃ ያገኛል ተብሎ ነው የተሠራው። እዚያ በበጋ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ለዘር፣ ለመድኃኒትና ለቀን ሠራተኛ ገንዘብ እያወጣ ነው። ያን ሁሉ ካወጣ በኋላ የሚያማክረው ሰው ሂሳብ ብዙ አይከብደውም። እናንተም ከበርበሬው ጀምሩ፣ በቆሎው ይከተላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የምትፈለገው ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። የጎጃም ገበሬ ኪስ ባዶ የሚሆነውም ያኔ ነው፤ ማዳበሪያውን ከፍሎ፣ ዘሩን ገዝቶ፣ ጎተራው ጎድሎ። ሙሉውን ሰኔ ላይ ከጠየቅህ «እሺ ነገ» ትባላለህ፣ ነገ ደግሞ መስከረም ይሆናል። ትንሽ ቀብድ ተቀበልና የቀረውን እህል ተወቅቶ ሲሸጥ፣ ጥር ላይ ውሰድ። ይሄም የራሱ ጣጣ አለው። ጥር ላይ «ምን አደረግህልኝ? ዝናቡ ነው ያበላኝ» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መፍትሔው ከማሳው ጥግ ጥቂት መደቦች ለይቶ ገበሬው እንደ ድሮው እንዲሠራቸው መተው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ካየ አንተ ብዙ ማውራት አይጠበቅብህም። የሄድክበትን ቀንና ያልከውን ነገር ደግሞ ደብተር ላይ ጻፍ፣ አስፈርመው። ምርት በእጥፍ ይጨምራል ብለህ ግን ቃል እንዳትገባ፤ በረዶ አንድ ከሰዓት ላይ ጠርጎት ሲሄድ ዕዳው ያንተ ይሆናል።

ዋጋውን በብር ከማሰብህ በፊት በእህል አስበው። እኔ ብሆን ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር ያህል) በቆሎ የክረምቱ ክፍያ ከአንድ ኩንታል በቆሎ ዋጋ በጣም ዝቅ ያለ እንዲሆን አደርጋለሁ። ገበሬው ሂሳቡን የሚሠራው እንደዚያ ነው፦ «ይሄ ልጅ ስንት ቁና ወሰደብኝ፣ ስንት ቁና ጨመረልኝ?»

አጥር የለውም ላልኩት ነገር ደግሞ የጎጥ ሰው ያድንሃል። ማሳቸው የሚዋሰን አሥራ አምስት ሃያ ሰዎች በአንድነት ይክፈሉ። እድርና እቁብ ውስጥ የኖረ ሰው በየወሩ አዋጥቶ መክፈልን ማንም አያስተምረውም። ምክሩ ከአንዱ ወደ አንዱ ቢፈስም እዚያው አባላቱ ውስጥ ነው የሚፈሰው። ተምችም ሆነ የድንች በሽታ የማሳ ድንበር ስለማያውቅ አንዱ ረጭቶ ጎረቤቱ ቢተኛ ጥቅም የለውም፣ ስለዚህ በጋራ መክፈሉ ለእነሱም ይሻላል። ቀበሌያችሁ ውስጥ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጠንካራ ከሆነ ከትርፍ ክፍፍሉ ላይ ቀንሶ እንዲቀጥራችሁ ጠይቁ፤ ይሄ ከሁሉም ቀላሉ መንገድ ነው፣ ገበሬው ብሩን በእጁ ሳይቆጥር ስለሚከፈል።

አንድ ነገር ልለምንህ። መድኃኒት አትሽጡ። መሸጥ ካለባችሁም ፈቃድ አውጡ (ፀረ ተባይን የሚመለከተው አዋጅ 674/2002 ቀልድ አያውቅም) እና ለገበሬው «ይሄን እኛም እንሸጣለን፣ ከሌላም መግዛት ትችላለህ» በሉት። አማካሪውና ሻጩ አንድ ሰው ከሆኑ በሁለተኛው ዓመት ማንም አያምናችሁም።

አባትህ «ሌላ አገርስ?» ካለህ ይሄን ንገረው። እንግሊዝ ውስጥ የመንግሥት የእርሻ ምክር በነፃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ማስከፈል ጀመሩ፣ በ1997 ድርጅቱ ጭራሽ ለግል ተሸጠ። ግን የእዚያ ገበሬ መሬት ስንት ቃዳ እንደሆነ አስበው። ኡጋንዳ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣችው ሕግ የገበሬ ቡድኖች አማካሪያቸውን መርጠው እንዲያሠሩ ሞክራለች፣ ገንዘቡ ግን በአብዛኛው የመጣው ከመንግሥትና ከለጋሾች እንጂ ከገበሬው ኪስ አልነበረም። ግማሽ ሄክታር ያለውን ሰው ብቻውን አስከፍሎ ሙሉ አገልግሎት ማቆም ከባድ ነው። እናንተም ሦስት ሆናችሁ በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ ደመወዝ ይወጣል ብላችሁ አትቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ጽሑፌ ገበሬዎች ለምክር አገልግሎት ለመክፈል ያላቸው ፈቃደኝነት ላይ ነው። አነደድና ጎዛምን ላይ መጠይቁን ስሞክረው የጠየቅኳቸው ሁሉ «አዎ እንከፍላለን» አሉኝ፣ አንዳንዶቹ ያልጠበቅኩትን ያህል ትልቅ ብር ጠሩ። ደስ ይበለኝ?

መልስ፦ አይበልሽ እህቴ። ላም አለኝ በሰማይ ነው። ብር ከኪስ ሳይወጣ የሚነገር «አዎ» ርካሽ ነው፣ አንቺም እንግዳ ነሽ፣ ቡና አፍልተው ያስተናገዱሽ ሰዎች ፊት ለፊት «አይ» ብለው ሊያሳፍሩሽ አይፈልጉም። ለመሆኑ ቤት ለቤት ይዞሽ የዞረው ማን ነበር? የቀበሌው ሰው ወይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከሆነ መልሱን ጣይው። አንዱ «እምቢ ካልኩ ከማዳበሪያ ዝርዝር እሰረዛለሁ» ይላል፣ ሌላው «ትልቅ ብር ከጠራሁ ፕሮጀክቱ ይመጣልናል» ይላል፣ ሦስተኛው አዲስ ግብር ሊጣል ነው ብሎ ዜሮ ይልሻል። ሦስቱም ስለ ምክር አልመለሱልሽም።

መጀመሪያ ዕቃውን አሳዪ። «የምክር አገልግሎት» የሚባል ነገር ማንም ገዝቶ አያውቅም። ማን እንደሚመጣ፣ በክረምት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ የትኛውን ሰብል እንደሚያይ፣ በስልክ ይሁን በአካል፣ ሲደወልለት በስንት ቀን እንደሚደርስ ዘርዝሪ። ከዚያ «ስንት ይከፍላሉ?» አትበዪ፤ ዋጋ ጥሪና አዎ ወይ አይ ይበሉሽ። አዎ ካሉ ከፍ፣ አይ ካሉ ዝቅ አድርገሽ አንዴ ድገሚ። የመጀመሪያው ዋጋ ከሰው ሰው በዕጣ ይለያይ፣ አለበለዚያ ሰዉ የጠራሽው ቁጥር ላይ ይንጠለጠላል። ዋጋውን ከመጥራትሽ በፊት «ይሄ ብር ከማዳበሪያው፣ ከልጆቹ ደብተር፣ ከጨውና ከዘይቱ ላይ የሚቀነስ ነው» ብለሽ አስታውሺያቸው። አዎ ያለውን ሰው ደግሞ «ከምን አምጥተው ይከፍላሉ?» በዪው። እዚህ ላይ ብዙው ዝም ይላል። ሚስትየዋን ለብቻ ጠይቂ፤ የእንቁላሉና የዶሮው ብር በማን እጅ እንዳለ ታውቂዋለሽ።

ዜሮ ያሉሽንም አንድ ቅርጫት ውስጥ አታስገቢያቸው። «አይጠቅመኝም» ያለና «ይጠቅመኛል፣ ግን መክፈል ያለበት መንግሥት ነው» ያለ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

አማካሪሽ ካልተቆጣ ደግሞ አንድ ነገር ሞክሪ። ከጠየቅሻቸው ውስጥ ለጥቂቱ እውነተኛ ኩፖን ሽጪ። ባለሙያ በተወሰነ ቀን ማሳቸው ድረስ እንዲመጣ፣ በእውነተኛ ብር። ስንቱ አዎ ብሎ ስንቱ እንደገዛ ስታነጻጽሪ ከሰንጠረዡ ሁሉ የሚበልጥ ነገር ታገኛለሽ። ገንዘብ ከሌለሽ ቢያንስ ዓምና ለከብት ሕክምና፣ ለመድኃኒትና ለዝርያ ማሻሻያ ማዳቀል ስንት እንዳወጡ ጠይቂ። ያለፈው ወጪ ከወደፊቱ ቃል በላይ ይታመናል። የጽሑፍሽ መጨረሻ ላይ «ትምህርት፣ የመሬት ስፋት፣ የከብት ብዛትና ከባለሙያ ጋር መገናኘት ተጽዕኖ አላቸው» ብለሽ ብቻ እንዳትዘጊው፤ ያ ዝርዝር ጽሑፍሽን ሳያነብም መርማሪው የሚገምተው ነው።

ጥያቄ፦ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። ደመወዜ ወሩን አያደርሰኝም። አንዳንድ ሀብታም ገበሬ ቅዳሜ ማሳዬን እይልኝ ብሎ ብር ይሰጠኛል። ብቀበል ነውር ነው?

መልስ፦ በተመደብክበት ቀበሌ ውስጥ ከሆነ አትቀበል። ቅዳሜ በብር የሚታይ ማሳ ካለ ማክሰኞ በነፃ የሚታየው ማሳ ቀስ በቀስ ይረሳል፣ አንተ ባታስበውም ይረሳል፣ የሚረሳው ደግሞ የድሀው ነው። ከቀበሌህ ውጪ ከሆነ ወረዳውን በጽሑፍ ጠይቅና ፈቃድ ካገኘህ ሥራ። የደመወዙን ጉዳይ አልክድህም። የማዳበሪያ ምዝገባው፣ የዕዳ ማስመለሱ፣ የስብሰባ ጥሪው፣ ሪፖርቱ ሁሉ አንተ ላይ ተጭኖ ማሳ የምታይበት ቀን ከየት ይምጣ? ገበሬው ገንዘብ ያወጣልህ ሙያህን ስለሚፈልግ ነው፣ ይሄን ለአለቆችህ ንገራቸው።

ጥያቄ፦ ማቻከል ወረዳ ነኝ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል። ስንዴውም ገብሱም እየቀጨጨ መጣ። አፈርህ አሲዳማ ነው ይሉኛል። አሁን አንድ ልጅ መጥቶ «ብር ክፈሉኝና አፈርዎን ልመርምር» አለኝ። ልክፈለው? ደግሞስ ይሄ የመንግሥት ሥራ አልነበረም?

መልስ፦ አያ፣ የመንግሥት ሥራ መሆኑ ላይ አልከራከርዎትም። ወረዳዎን መጀመሪያ ይጠይቁ፣ ናሙናው ባሕር ዳር ላቦራቶሪ ሊላክልዎ ይችላል። ካልሆነ ልጁን ይፈትኑት። አንድ እንጨት የመሰለ መሣሪያ መሬት ላይ ሰክቶ ቁጥር አንብቦ ብር ከጠየቀ ይሸኙት። ከማሳዎ አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ቦታ፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሮ፣ አፈሩን ቀላቅሎ ወደ ላቦራቶሪ ከወሰደና ውጤቱን በወረቀት ካመጣ ግን ይክፈሉት። ወረቀቱ ላይ ፒኤች የሚባለው ቁጥር ከ5.5 በታች ከሆነ ነገሩ እውነት ነው። እንዲህ ያለ አፈር የሚሰጡትን ማዳበሪያ ይዞ ለሰብሉ አይለቅም፣ ሥሩንም ያቀጭጨዋል። ማዳበሪያ ሲጨምሩ የኖሩት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ከወረቀቱ ላይ ዋናው ነገር ግን አሲዱን ለማብረድ በሄክታር ስንት ኩንታል የእርሻ ኖራ እንደሚያስፈልግ ነው። ኖራ በኪሎ አይደለም የሚበተነው፣ በብዙ ኩንታል ነው። ኖራ ደጀን ላይ ይፈጫል፣ ከዚያ እርስዎ ቤት ድረስ ማስጫኑ ከምርመራው በብዙ ይበልጣል፤ ስለዚህ ልኩን ሳያውቁ ከመግዛት ለምርመራው መክፈል ያዋጣል። ከመዝራትዎ አንድ ወር ገደማ አስቀድመው በትነው፣ አርሰው ከአፈሩ ጋር ያቀላቅሉት። አንዴ በደንብ ከተሰጠ ለተወሰኑ ዓመታት ይቆያል።

ልጁን አንድ ጥያቄ ግን ይጠይቁልኝ፦ «ኖራ ያስፈልጋል ካልክ ኖራውን ከየት ነው የማገኘው?» ይሄን ካልመለሰ ምክሩ ባዶ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ሲንከራተት በወቅቱ «ዩሪያን በሁለት ጊዜ ከፍለህ ጨምር» የሚል ምክር ምን ሊያደርግለት?

ጥያቄ፦ ሸበል በረንታ ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ መሬቴን በእኩል ነው የማሳርሰው። ጎረቤቶቼ አዋጥተው ባለሙያ ሊያመጡ ነው፣ እኔም እንድገባ ጠየቁኝ። የምክሩን ብር የምከፍለው እኔ ነኝ ወይስ አራሹ? እሱ «መሬቱ የእርስዎ ነው» ይለኛል፣ እኔ ደግሞ «አራሹ አንተ ነህ» እለዋለሁ።

መልስ፦ እትዬ፣ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፣ ለዚህ ነው የማትስማሙት። ባለሙያው የሚያመጣው ትርፍ ለሁለት ይከፈላል። እርስዎ ብቻ ከከፈሉ ግማሹ ትርፍ ለእሱ በነፃ ይሄዳል፣ እሱም ብቻውን ቢከፍል እንደዚያው። እናንተ ጋ የዘሩና የማዳበሪያው ወጪ እንዴት ነው የሚያዘው? ከአውድማ ላይ አስቀድሞ ተነስቶ የቀረው የሚካፈል ከሆነ የምክሩንም ብር እዚያው ጨምሩት። ጤፉ ተወቅቶ ከመከፈሉ በፊት የባለሙያው ሂሳብ በእህል ይነሳ፣ ከዚያ እኩል ተካፈሉ።

ሁለት ነገር ግን ከሰኔ በፊት ይጨርሱ። አንደኛ፣ ቀብዱን ማን እንደሚያስቀድምና ከአውድማው ላይ እንደሚመለስለት ሁለት ሽማግሌ ባለበት ተነጋገሩ። ሁለተኛ፣ ባለሙያው ማሳውን ሲያይ እርስዎም ይኑሩ። ብዙ ጊዜ የሚያናግሩት ሞፈር የያዘውን ወንድ ነው፣ ባለመሬቷ ቤት ተቀምጣ ትቀራለች። አራሹ ሌላ ሦስት ሰው መሬት ስላለበት «ድገም እረስ» የሚለው ምክር ካልተመቸው ሰምቶ እንዳልሰማ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ቆመው ከሰሙ ግን እንዲያ ማለት አይችልም። ደግሞ በእኩል የሚያሳርሱ ሌሎች ሴቶች በጎጡ ካሉ አብራችሁ ሁኑና ባለሙያው አንድ ቀን የእናንተን ማሳ ብቻ እንዲያይ ጠይቁ፣ ብር ከከፈላችሁ ይሄን መጠየቅ መብታችሁ ነው።